ከጭንብሉ ስር

ልጆቻቸው ሳሎን ተቀምጠው በእሳቸው ጉዳይ ሲከራከሩ፣ አባ ዝግታ መኝታ ቤት ሆነው ይሰሙ ነበር። ስሙን ያወጡላቸው ተሳፋሪዎች ናቸው፤ አውቶብስ ሲነዱ ችኮላ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። አሁን ማንቁርታቸው ላይ ካንሰር ተገኝቷል። የበኩር ልጃቸው፣ በሰማንያ ዓመታቸው በጨረር ሕክምና ከሚሰቃዩ ቀሪ ዕድሜያቸውን በሰላም ይኑሩ ባይ ነው። ሴቷ ልጃቸው ደግሞ የሐኪሟን ቃል ደጋገመችለት፤ ዕድሜ ብቻውን አይከለክልም፣ ልባቸውም ሳንባቸውም ይችለዋል። ሽማግሌው በሩን ከፍተው ወጡና በሻከረ ድምፃቸው "እሄዳለሁ" አሉ። ክርክሩ በዚያው አበቃ።

መሄዱስ ሄዱ። የከበዳቸው ጭንብሉ ነበር። ጨረሩ ቦታውን እንዳይስት ፊትን ልክክ አድርጎ የሚይዝ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ነው። የጨረር ባለሙያዋ ፊታቸው ላይ አድርጋ ከአልጋው ጋር ቆለፈችውና፣ በካሜራ ስለምታያቸው ከጨነቃቸው እጃቸውን እንዲያነሱ ነግራ ወጣች። ከባዱ በር ተዘጋ። ማሽኑ ማጉረምረም ሲጀምር ምራቃቸው ጉሮሯቸው ላይ ቀረ። ሊውጡት ቢሞክሩ እምቢ አለ። አገጫቸው አይላወስ፣ አፋቸው አይከፈት። ትንፋሽ አጠራቸው። እጃቸውን አነሱ።

ማሽኑ ቀጥ አለ። ባለሙያዋ እየሮጠች ገብታ ጭንብሉን ፈታችላቸው። ተነስተው ሲያስሉ ቆዩና ጫማቸውን መፈለግ ያዙ። ከእንግዲህ በቃኝ አሉ።

"አባባ፣ እጅዎን ሲያነሱ ዘገየሁብዎት?" አለቻቸው።

"አልዘገየሽም።"

"አሁንም አልዘገይም። ዐይኔን ከእርስዎ ላይ አልነቅልም።"

ጫማቸውን አንስተው በሩን አዩ። ወጥተው እምቢ ቢሉ ማንም አይፈርድባቸውም። ሴቷ ልጃቸው ታለቅስ ይሆናል እንጂ አትጫናቸውም። የሆነ ሆኖ ጫማውን መሬት አስቀመጡና ተመልሰው ተጋደሙ።

"ዝጊው" አሉ።

ያን ዕለት አንዴ ደግመው እጃቸውን አነሱ፤ ማሽኑም ወዲያው ቆመላቸው። በሦስተኛው ግን ጥርሳቸውን ነክሰው ጨረሱ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ቀላል አልነበሩም። የአንገታቸው ቆዳ ጠቆረ፣ ውሃ መዋጥ እንኳ ጣር ሆነባቸው፣ ድምፃቸውም ጭራሽ ጠፋ። ሴቷ ልጃቸው በማንኪያ እየመገበቻቸው፣ እንዲታከሙ በመደገፌ አጥፍቼ ይሆን እያለች በሆዷ ትብሰለሰል ነበር።

ሕክምናው ካለቀ ከወራት በኋላ ለምርመራ ተመለሱ። ሐኪሟ ጉሮሯቸውን አይታ ዕጢው እንደማይታይ፣ ክትትሉ ግን እንደሚቀጥል ነገረቻቸው። አባ ዝግታ የሆስፒታሉን ስልክ አስፈቅደው ለበኩር ልጃቸው ደወሉ።

"ማን ልበል?" አለ ልጁ።

"አባትህ ነኝ።"

የተመለሰው ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ግን ይሰማል።