ተቀምጦ ባሕር ለማየት

የሰደበኝ የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነው። የዛሬ ሰባት ዓመት፣ እሑድ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አዲሱ ቤቱ ሳሎን ውስጥ፣ አሥራ አራት ሰው ፊት። አሥራ አራቱንም አንድ በአንድ ልጠራቸው እችላለሁ። ሁለቱ አሁን በሕይወት የሉም፤ ነፍስ ይማር፤ ግን ያን ቀን ስቀዋል። ወሬው ስለ መጋረጃ ቀለም ነበር። እኔም እንደ ሰው "ቡናማው ይሻላል" አልኩ። እሱ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ "አንተ ብረትህን በይድ፤ ምርጫውን ዓይን ላለው ተው" አለኝ።

ዓይን ላለው! ሠላሳ አንድ ዓመት በብየዳ ብልጭታ የተጠበሰ ዓይኔን! የዚያን ቤት የደረጃና የበረንዳ ሃንድሬል ከላይ እስከ ታች የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ዛሬም ደረጃ ሲወጣ የሚደገፈው የእኔን ብረት ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። እሱ ረስቶታል። እኔ ግን ሰው ቤት ገብቼ ቡናማ መጋረጃ ካየሁ የቀረበልኝ ሁሉ አይዋጥልኝም።

ሰውየው ሃያ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበር። ጡረታ ወጥቶም ቤተ ዘመዱን ሁሉ የሚያየው ሰልፍ እንዳረፈደ ተማሪ ነው። በሌለበት "ዳይሬክተሩ" እለዋለሁ፤ ፊት ለፊት ግን "ጋሼ" እና "እርስዎ" ነው። እሱ "አንተ" ይለኛል። እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀው ለሰው የሚነግርልኝ እሱ ነው።

ዘንድሮ ነርስ የሆነችው ልጃችን ሁለቱንም ባልና ሚስት፣ እኛንና እነ ዳይሬክተሩን፣ በትልቅ የመዝናኛ መርከብ ለአምስት ቀን ልትልከን ተነሣች።

"አባዬ፣ የእነሱን ክፍል ጋሼ ይምረጥ፤ የእናንተን አንተ ምረጥ" አለችኝ በስልክ።

"ምን አልሽኝ?"

"አንተ ምረጥ።"

መስማቱንስ በደንብ ሰምቼ ነበር። ድምፅ ማጉያውን ከፍቼ ሚስቴ እንድትሰማ ነው ያስደገምኳት። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ምረጥ ስባል የመጀመሪያዬ ነበር።

ሚስቴም ሰማች። "እንግዲህ አደራህን" አለች። "ሌላ ነገር አልፈልግም። ጉልበቴ እንደሆነ አያቆመኝም። በረንዳ ላይ ተቀምጬ ባሕር ማየት ብቻ።"

"እሺ።"

"ምን አልኩህ?"

"ባሕር።"

"ተቀምጬ ነው ያልኩህ፣ አንተ ሰውዬ!"

"ባሕር ተቀምጠሽ። ሰማሁ እኮ።"

ትኬት ቢሮ የሄድኩት ኮት ለብሼ ነው። ትኬት ቆራጯ ልጅ የመርከቡን ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ፤ ከአልጋ ልብስ አይተናነስም። ክፍሎቹ እንደ ማር ሰፈፍ ተደርድረዋል። አንድም ነገር እንዳያመልጠኝ ብዬ ሁሉንም ጠየቅኳት። የቱ ጎን ነው ወደ የብስ የሚያየው? ቀኙ አለች። የቱ ጋ ነው የሚንገጫገጨው? ጫፍና ጫፉ፤ መሐሉ ረጋ ይላል። ከኩሽናው በላይ ያሉት ሌሊቱን ሙሉ ሳህን ሲንኳኳ ይሰማሉ፤ እነዚህኞቹ ደግሞ ፊታቸው የነፍስ አድን ጀልባ ተሰቅሏል፤ የሚታየው የጀልባ ሆድ ነው አለችኝ።

"የጀልባ ሆድ!" ብዬ ሳቅኩ። "እሱንም የሚገዛ አለ?"

"ሳይጠይቁ የሚገዙ ሞልተዋል፣ አባባ።"

ይህ መልስ አኮራኝ። ዳይሬክተሩ ስልክ ደውሎ በሁለት ደቂቃ ሰባተኛ ፎቅ እንደያዘ ልጄ ነግራኝ ነበርና የጀልባ ሆድ ሲደርሰው በዓይነ ሕሊናዬ ታየኝ።

ከዚያ የበረንዳዎቹን ፎቶ አወጣች። ሰባተኛው ፎቅ መደገፊያው ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው፤ አምስተኛው ድፍን ብረት።

"መስታወት? ሰው እንዴት መስታወት ተደግፎ ባሕር ላይ ይቆማል?" አልኳት። "የአንድ ሐኪም በረንዳ በልጆች ኳስ እንደ ጨው ሲረግፍ ቆሜ አይቻለሁ።"

"ይሄኛው ወፍራም ነው፣ አባባ። መስታወት የተደረገውም ሰው ቁጭ ብሎ..."

የቀረውን አልሰማኋትም። የአምስተኛውን ፎቅ ፎቶ ዓይኔ ሥር አስጠግቼ ነበር። ስድስት ሚሊ ላሜራ፣ ከላይ ክብ ቱቦ፤ የማዕዘኑ ብየዳ ደግሞ እንደ ጥሩ ልብስ ሰፊ ክር አንዱ ጥርስ ከሌላው እኩል ነው። አንድም ጉብታ የለው።

"ይሄን ማነው የበየደው?"

"አባባ፣ እኔ እኮ ትኬት ነው የምቆርጠው።"

"አምስተኛ ፎቅ፣ ቀኝ፣ መሐል። ይኸውልሽ፣ ይሄኛው።"

"ብረቱ ግን እስከ ደረት ድረስ ይሸፍናል።"

"ይሸፍን! ለዚያ አይደል የሚሠራው?"

ቀና ብላ አየችኝና ጻፈች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ለካ እንዲህ ዓይነት ቀን ነው። ግን ፍረዱኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በእጄ ያለፈውን በረንዳ ቁጥር አላውቀውም፤ አንዱም ላይ ግን ቁጭ ብዬ አላውቅም። በያጅ ይቆማል፣ ወይ ይንበረከካል፤ ሲጨርስ በደረቱ ገፋ አድርጎ ይሞክርና ዕቃውን ሰብስቦ ይወርዳል። ወንበር የሚያወጡት እሱ ከሄደ በኋላ ነው።

መርከቡ ላይ ወጣን። ሻንጣውን ሳላስቀምጥ ተንሸራታቹን በር ከፍቼ ብረቱን በደረቴ ገፋሁት፤ ንቅንቅ የለም። በጣቴ መታ መታ አደረግኩት፤ ድምፁ ድፍን ነው። ከላዩ ባሻገር ባሕሩ ተዘርግቷል።

"ነይ እስቲ፣ እመቤቴ!" አልኩ።

ግድግዳውን ይዛ ቀስ እያለች መጣች። ተቀመጠች። ቀሚሷን አስተካከለች። ቀና አለች።

"የት አለ?"

"ምኑ?"

"ባሕሩ።"

"ከብረቱ ወዲያ ነው" አልኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ፊቴ ላይ የነበረው ግራጫ ቀለም ነው። ቀለሙ እንኳ ጥሩ ነበር፤ ሁለት እጅ የተቀባ።

"ብየዳውን እይማ" አልኳት። "ስፌት አይመስልም?"

"ብየዳ ለማየት ከሆነ ወርክሾፕህ በር ላይ መቀመጥ አይበቃኝም ነበር?"

ሜትር ከኪሴ አይጠፋም። ብረቱ አንድ ሜትር ከአሥራ አምስት። የእሷ ዓይን፣ ስትቀመጥ፣ አንድ ሜትር ከአምስት። የጎደለችው አሥር ሴንቲ ናት። አሥር ሴንቲ ለእኔ ምን አላት? ሁለት ትራስ አነጠፍኩላት፤ ስትቀመጥባቸው እንደ ቂጣ ተለጠፉ። የነፍስ አድን ሰደርያዎቹን ከቁም ሣጥን አውጥቼ ደረብኩበት። አሁን ባሕሩ ታየ፤ እግሯ ግን ተንጠለጠለ፤ ጉልበቷ ሁለት ደቂቃ አልቻለም።

ክፍል የሚያጸዳው ሰውዬ በዚህ መሐል ገባ።

"እመት፣ እሱ ሰደርያ ለአደጋ ጊዜ ነው" አላት።

"አደጋማ ደርሶብናል" አለች ሚስቴ፣ እኔን እያየች።

ሰውየውን እግር ማሳረፊያ ያለው ረጅም የመጠጥ ቤት ወንበር ለመንኩት፤ ሁሉም ወለሉ ላይ የተበየዱ ናቸው አለኝ። የላይኛው ሰገነት ላይ ልወስዳት ሞከርኩ፤ ሰዉ ገና ሲነጋ ወጥቶ ወንበሩ ሁሉ ላይ ፎጣ አንጥፎበታል። ፎጣ እንጂ ሰው የለም፤ ግን ፎጣ አንሥቼ ከማን ጋር ልጣላ?

ሁለት ቀን እንዲሁ አለፈ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ብረቱን ፊት ለፊቷ አድርጋ ቁጭ ትልና፣ "ሰማዩም ጥሩ ነው" ትላለች።

በሦስተኛው ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ መርከቡ በደሴቶች መሐል አልፎ በዳገት ላይ ወደ ተሠራች ነጭ ከተማ እንደሚገባ፣ ከተማዋም በቀኝ በኩል እንደምትታይ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። የጉዞው ዋና ነገር ይኼ ነው ተባለ። ቆሜ ሳይ ደሴቶቹ መቅረብ ጀምረዋል። ከኋላዬ ሚስቴ ተቀምጣለች። ያን ጊዜ ከበላያችን፣ ከሰባተኛው ፎቅ፣ የዳይሬክተሩ ድምፅ መጣ፤ የሰልፍ ድምፁ።

"እህቴ! እያየሽ ነው?"

ሚስቴ ብረቱን ትኩር ብላ አየችው።

"እያየሁ ነው፣ ጋሼ!" አለች። "እንዴት ያምራል!"

በሠላሳ ዓመት ትዳር ውስጥ ዋሽታ አታውቅም ማለቴ አይደለም፤ ትዋሻለች። ግን ይህን የዋሸችው ለእኔ ነው፤ እሱ እንዳይስቅብኝ።

ተነሥቼ ወጣሁ። አሳንሰሩ ሲዘገይብኝ በደረጃ ወጣሁ። በሩን አንኳኳሁ። ዳይሬክተሩ ቁምጣ ለብሶ ከፈተልኝ። ቁምጣ!

"ጋሼ፣ እህትዎ እርስዎ ጋ ትቀመጥ።"

"የራሷ በረንዳ የላትም እንዴ?"

"አላት። ተቀምጦ አይታይም።"

"እንዴት አይታይም?"

"ፊቱ ብረት ነው።"

"ማነው የመረጠው?" አለ። ያውቃል እኮ!

"እኔ ነኝ።"

ከውስጥ ሚስቱ፣ "ኧረ በሞቴ፣ ምርመራውን ተወውና ሴትዮዋን ያምጣት! ከተማው ሊያልፍ ነው!" ብላ ጮኸች።

ሚስቴን ክንዷን ይዤ፣ ኮሪደሩን እርምጃ በእርምጃ፣ አሳንሰሩን ጠብቄ አመጣኋት። ወንበሩ ሦስት ነበር፤ እሷ መሐል ተቀመጠች። መስታወቱ ከእግሯ ሥር ይጀምራል። ባሕሩ ከጫማዋ ጫፍ ተነሥቶ እስከ ከተማዋ ድረስ ሄዷል። ነጭ ቤቶች፣ ጣራ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ በወደቡ ዳር ብስክሌቱን የሚገፋ ሰው። "ውይ!" ብቻ አለች። ጉልበቷን በሁለት እጇ ያዘችና ወደ ባሕሩ ጎንበስ አለች።

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ዳይሬክተሩ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ እግሩን ዘረጋ።

"አንተማ ወርደህ ብረትህን ጠብቅ" አለኝ፤ "እንዳይሰርቁብህ!"

ሚስቱ ሳቀች። የጎረቤት በረንዳ ላይ ያሉትም፣ የሰሙት፣ ሳቁ። የእኔዋም ሳቀች፤ ፊቷን ከባሕሩ ሳታዞር ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

መልስ ጠፍቶኝ አይደለም። ጥሩ መልስ፣ ቁምጣውንም የሚጨምር፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ብመልስለት ይመልስልኛል፤ ቢመልስልኝ እጨምርለታለሁ፤ ከዚያ እሷ ወንበሩን ትታ፣ "ተነሥ እንሂድ፣ ይበቃናል" ትላለች። አሁን ደግሞ ገና ክንዷን የወንበሩ መደገፊያ ላይ ማሳረፏ ነበር።

በሩን እንዳይጮኽ በቀስታ ሳብ አድርጌ ዘጋሁትና በኮሪደሩ ወደ ደረጃው ሄድኩ።