የብርቄ ድንጋይ

መቀሌን ዞሮ ለማሳየት ግማሽ ቀን ይበቃል፤ እሱም እግር ለሚጎትት እንግዳ ነው። አስናቀ ግን ያን ሰኞ ያቺን ትንሽ የተራራ ከተማ እንደ ሙክት ሥጋ ሸንሽኖ፣ ብልት በብልት ቀኑን ሙሉ ሊያቀርባት ቆርጦ ተነሣ። የእኅቱ ልጅ ነፍስ በእሱ ምላስ ላይ ተንጠልጥላ ነበር።

ጊዜው ጣሊያን አገሩን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ነው። አስናቀ የተጉለት ሰው ነው፤ ከጦርነቱ በፊት የጉምሩክ ጸሐፊ ሆኖ መጥቶ እዚያው ቀረ። በልጅነቱ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት የቃረማት ጣሊያንኛ አሁን እንጀራው ሆናለች፤ ለከተማው አዛዥ ለጣሊያኑ ካፒቴን ያስተረጉማል። ታላቅ እኅቱ ብርቄ ባሏ ሲሞትባት አንድ ልጇን ደመላሽን ይዛ እሱው ዘንድ መጣች። ደመላሽ መንገድ ላይ የወደቀ የስልክ ሽቦ አገኘና የእናቱን አልጋ የተበጠሰ ጠፍር ጠገነበት። አልጋውን ጠግኖ ራሱን ሰበረ። ሽቦ ቆራጭ ተብሎ ታሰረ፤ ረቡዕ በካሚዮን ተጭኖ ቀይ ባሕር ላይ ወዳለው ደሴት እንደሚወሰድ ተነገረ። ወደዚያ ደሴት ሄዶ የተመለሰ ሰው በመቀሌ አይታወቅም።

ብርቄ ወሬውን እንደ ሰማች፣ «ድንጋይ ልሸከምና እግራቸው ላይ ልውደቅ» አለች።

በእነሱ አገር ነፍስ ያጠፋ ሰው እንኳ ድንጋይ በጫንቃው አድርጎ ከመጣ፣ የተበደለው «ምሬሃለሁ» እስኪለው ከመሬት አይነሣም። ቃሉ አንዴ ከወጣ ደግሞ ወጣ ነው፤ ማንም አይመልሰውም።

«እትዬ፣ እነዚህ ሰዎች የእኛን ወግ የት ያውቁትና!» አለ አስናቀ። «ድንጋይ ይዘሽ ስትመጪ ካዩ በጥይት ነው የሚቀበሉሽ። ሰኞ ከሮም አንድ ትልቅ ሹም ከሚስቱ ጋር ይመጣል። ከተማውን የማሳየው እኔ ነኝ። ደስ ካሰኘሁት ‹ምን ላድርግልህ› ማለቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ እለምነዋለሁ።»

«ደስ ካላሰኘኸውስ?»

«አሰኘዋለሁ አልኩሽ! አንቺ ብቻ ከቤት እንዳትወጪ።»

ሰኞ ገበያ ነው። መጀመሪያ የወሰዳቸው ወደ ጨው ተራ ነበር። ግመሎቹ ከቆላው በረሃ የጫኑትን አሞሌ አራግፈው ተኝተዋል፤ ነጋዴው ጨውን እየጠረበ ይደረድራል። አስናቀ ያንን ነጭ ጡብ አንሥቶ፣ በአባቶቻችን ጊዜ ይህ ገንዘብ ነበር፣ በሬም ማርም የሚገዛው በዚህ ነበር ብሎ አስረዳ። እውነቱን ነው። ሽማግሌው ሹም ግን ሰዓቱን አየ። ሚስቱ በመሐረብ አፍንጫዋን ሸፈነች። ካፒቴኑ አስናቀን በዓይኑ ገረፈው።

እውነቱ አልጫ ሆኖባቸዋል። አስናቀ ምን ያድርግ? ዋሸ።

«ጌታዬ፣ አንድ የዚህ አገር ንጉሥ ሴት ልጁን ሲድር በሚዛን አስቀምጦ፣ ክብደቷን ያህል ጨው አስመዝኖ ነው ጥሎሽ የተቀበለው። ሙሽራይቱ እንድትከብድ ሳምንት ሙሉ ማር አበሏት።»

ሹሙ ሳቀ። ወይዘሮዋ ከቦርሳዋ ደብተር አውጥታ ጻፈች። አስናቀም መንገዱን አገኘ፤ ምን ዓይነት መንገድ እንደሆነ ግን አላየም።

እንግዶቹ ግመል ሲያዩ፣ የወሎው ጨው ነጋዴ ይማም የአስናቀን እጅ ጎተት አድርጎ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «አስናቀ፣ እኅትህ ጧት መጥታ እንግዶቹ አፄ ዮሐንስ ግንብ ጋ በስንት ሰዓት እንደሚደርሱ ጠየቀችኝ። ወላሂ ፊቷን አልወደድኩትም።»

«ምን አልካት?»

«ምኑን አውቄ? ከሰዓት በኋላ ይሆናል አልኳት።»

አስናቀ ወደ ቤት ሮጦ በሩን ቢዘጋባት በወደደ፤ ግን ካፒቴኑ «ና!» አለው። ሄደ።

መድኃኔ ዓለም ደጃፍ ቆመው፣ ደወሉ ሰው ሳይነካው የሚደወልበት ቀን አለ አላቸው። ታቦቱ ይቅር ይበለው! እዚያ ማዶ ጉብታው ላይ ያለውን ዋርካ አሳይቶ፣ ከሥሩ የተኛ ሰው ሕልሙን በማያውቀው ቋንቋ ያልማል አላቸው። ወይዘሮዋ ገጽ ገለበጠች። ሹሙ የአስናቀን ትከሻ መታ መታ አደረገ። በተመታ ቁጥር አስናቀ ደመላሽን ከካሚዮኑ ላይ አንድ እግሩን ያወረደው መሰለው።

በመጨረሻ ወደ አፄ ዮሐንስ ግንብ ወጡ። ከሰገነቱ ላይ ከተማዋ ሁሉ ትታያለች፦ ጣሪያቸው ዝርግ የሆነ የድንጋይ ቤቶች፣ የእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ፣ ከዚያ ወዲያ ቢጫ ሜዳና ሰማያዊ ተራራ። አስናቀ ይህችን ከተማ ይወዳት ነበር። መጤ ነው ብላ ሳትገፋው ያኖረችውን ከተማ እንዲህ በውሸት እየቀባባ ሲሸጣት ውሎ አፈረ። ቢሆንም የጣሪያውን ወጋግራ አርባ ሰዎች መሬት ሳያስነኩ ከሦስት ቀን መንገድ ተሸክመውት መጡ ብሎ ጨመረ። ሰው ሲጨንቀው እርጉዝ ያገባል ይሉ የለ?

ወደ ግቢው ሲወርዱ ሹሙ ቆም አለ።

«እንዲህ ያለ ደስ የሚል ቀን አሳልፌ አላውቅም» አለ። «ምን ልስጥህ? ጠይቀኝ።»

«ጌታዬ...» አለ አስናቀ። ሁለተኛው ቃል ከአፉ ሳይወጣ በሩ ላይ ዘበኛው ጮኸ።

ብርቄ ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ በጫንቃዋ ይዛ፣ ጎንበስ እንዳለች ዘበኞቹን አልፋ ትመጣለች። ዘበኛው ጠመንጃውን አቀባብሎ ደረቷ ላይ ደገነ። ካፒቴኑም ሽጉጡን መዘዘ።

«አትተኩሱ!» ብሎ አስናቀ መሐል ገባ። «ልማድ ነው! ጨዋታ ነው! ለእንግዶቹ ክብር ብዬ ያዘጋጀሁት ጨዋታ ነው!»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የአስናቀ አፍ ግን አውቆ ነው ያመለጠው፤ ያንን ጥይት የሚመልስ ሌላ ቃል አልነበረውም። ዘበኛው አፈሙዙን ዝቅ አደረገ። ወይዘሮዋ አጨበጨበች፤ ፎቶግራፍ ማንሻዋንም አወጣች።

ብርቄ ሹሙ እግር ሥር ከነድንጋይዋ ተደፋች። «ጌታዬ፣ ስለ ልጄ ስለ ደመላሽ! አንድ ነው ያለኝ! በፈጠረዎ ይማሩኝ!»

«ምን ትላለች?» አለ ሹሙ እየሳቀ።

«ምሕረት ትለምናለች።»

«እና ምን ተብሎ ይመለሳል?»

አስናቀ አመነታ። እኅቱ አፈር ላይ ናት፤ ሳይመልሱላት እንደማትነሣ ያውቃል። «ምሬሻለሁ ይባላል» አለ።

ሹሙ ደረቱን ነፍቶ፣ እጁን እንደ ጳጳስ ዘርግቶ፣ «ሚሬሻሎ!» አለ።

ብርቄ ድንጋዩን ጣለች። መሬቱን ሳመች፣ የሹሙን ጫማ ሳመች፣ እልልታዋን አቀለጠችው። የግቢው ሰው ሁሉ ሰማ። ከዚያ እንባዋን ሳትጠርግ በበሩ ወጥታ ቁልቁል ወደ እስር ቤቱ ከነፈች።

«ጌታዬ» አለ አስናቀ፣ ሹሙ ፊት ተንበርክኮ። «ልጇ እውነት ታስሯል። ረቡዕ ወደ ደሴቱ ይወስዱታል። እርስዎም አሁን ምረውታል። ጠይቀኝ ብለውኝ ነበር፤ የምጠይቀው ይህን ነው።»

ሹሙ ግራ ተጋብቶ ወደ ካፒቴኑ ዞረ። ካፒቴኑ ሽጉጡን እየከተተ ፈገግ አለ። «ይህ ሰው ወሬ ሲያሳምር ነው፣ ክቡር ሆይ። ሲያወራልን የዋለው ሁሉ እንዲህ ነበር።»

«እውነት ነው!» ብሎ ሹሙ ከልቡ ሳቀ። «ሙሽራይቱንስ በጨው መዘናት!» ወይዘሮዋም ሳቀች። አስናቀ «ያ ውሸት ነበር፣ ይህ ግን እውነት ነው» ሲል እየማለ ለመናቸው፤ በማለ ቁጥር ሳቃቸው ጨመረ። ሹሙ ሲጋራ ሰጠው፤ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሄዱ።

እስር ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ብርቄ ከዘበኛው ከወልደአማኑኤል ጋር ግብግብ ይዛለች። ወልደአማኑኤል የመቀሌ ልጅ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። አስናቀን ሲያይ እፎይ አለ።

«ኣያ አስናቀ፣ እባክህ ንገራቸው። ኣደይ፣ እናቴ ሆይ፣ የለም እያልኳቸው አይሰሙኝም።»

«ምኑ ነው የለም?»

«እስረኛው ነዋ። ትልቅ ሰው ስለሚመጣ ከተማው ይጽዳ ተባለ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ሁሉንም ጭነው በአስመራ መንገድ ወሰዷቸው።»

አስናቀ ጨው ተራ ቆሞ ንጉሥ ሲድር፣ ልጁ ብዙ አገር አልፎ ነበር።

ብርቄ ግን አላለቀሰችም። ፊቷ እንደ ሙሽራ እናት ፊት በርቷል። «ታዲያ ምን ቸገረ?» አለች። «ምሬሻለሁ ብለዋል እኮ! አገር የሰማው ቃል ነው። ካሚዮኑን አስቁመህ ምሕረት ወጥቶለታል በላቸው፣ አለቀ። ቋንቋቸውን የምታውቀው አንተ ነህ። ምን ቆመህ ታየኛለህ? ሂድ እንጂ ወንድምዓለም! ሩጥ!»

ጎህ ሲቀድ የሄደን ካሚዮን ሰው በእግሩ እንደማይደርስበት አስናቀም ያውቃል፣ ወልደአማኑኤልም ያውቃል። ግን ፊቷን እያየ ከሚነግራት መሮጡ ቀለለው።

ነጠላውን በወገቡ ታጠቀና በአስመራው መንገድ ሮጠ።