በቀጥታ ስርጭት የተነገረ ቃል

ለዘጋቢ ፊልም የቴሌቪዥን ጣቢያውን የመጀመሪያ ዓመታት እንድናወሳ እኔንና የድሮ ወዳጄን ተዋናዩን ጎን ለጎን አስቀመጡን። ጠያቂዋ አፏን ሳትከፍት እኔ አንድ ነገር ቆርጬ ነበር፤ ያቺ ዓረፍተ ነገር የእኔ እንዳልሆነች ዛሬ እናገራለሁ። አርባ ዓመት በደራሲነት የተከበርሁት በእርሷ ነው። እርሷን ከሰጠሁ በኋላ ምን እንደሚተርፈኝ አላውቅም።

በዚያ ዘመን ድራማ አይቀረጽም ነበር። ተዋናዩ ሲናገር ተመልካቹ በቤቱ ሆኖ በዚያው ቅጽበት ይሰማል፤ የተሳሳተም ተሳስቶ ይቀራል። ስለዚህ ረጃጅም ንግግሮችን በወረቀት ጽፈን ከባርኔጣው ውስጥ፣ ከዳቦው ጀርባ፣ ከመሳቢያው ወለል ላይ እንለጥፍ ነበር። ስርጭቱ ሲያበቃ ደራሲው የተባለውን ሁሉ እንደተባለ በታይፕ መትቶ ለመዝገብ ቤት ያስረክባል። ከድራማው የሚተርፈው ያ ወረቀት ብቻ ነው።

«አባትና ልጅ የተለያዩበትን ድራማ ያጫውቱን፣ ጋሼ» አለችኝ ጠያቂዋ።

«የአባትየውን ንግግር አሥራ አራት መስመር አድርጌ ሻንጣው ክዳን ውስጥ ለጥፌው ነበር።»

«አሥራ ስድስት!» አለ ተዋናዩ። «ይህ ሰውዬ አራት ነጥብ የሚባል ነገር አያውቅም። ዓረፍተ ነገሩን ስጀምር ፀጉሬ ጥቁር ነበር።»

ካሜራ ያዡ ሳይቀር ሳቀ።

«ስርጭቱ ሊጀመር ሲል» ብዬ ቀጠልሁ፣ «የሻንጣው እጀታ ተሰበረና የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ በሌላ ለወጠው። ወረቀቱን ማናችንም አላስታወስንም። አባት የሆነው እሱ ክዳኑን ቢከፍት ባዶ! እኔ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ መስተዋት ጀርባ ላብ አጠመቀኝ። እሱ ግን ሻንጣውን ቀስ ብሎ ዘጋ፤ የልጁን ኮት ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈለትና ‹ደብዳቤ አትላክልኝ፤ ራስህ ና› አለ።»

«ዝነኛዋ የእርስዎ መስመር!»

«የእኔ አይደለችም፤ የእሱ ናት። በማግስቱ በታይፕ ስመታት ከገጹ ላይ ያለው የእኔ ስም ነበር። ሰው ሲያመሰግነኝ ዝም አልኩ፤ ዝም እንዳልኩ አረጀሁ።»

ተዋናዩ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ሲጠርግ ቆየ።

«ደግሞ አሳስተህ ነው የመታሃት» አለ። «‹ራስህ ና፣ ልጄ› ነው ያልኩት። ‹ልጄ›ን ዋጥካት።»

አርባ ዓመት ሙሉ እየቆጠቆጠው አብሮኝ ሲበላና ሲጠጣ እንደኖረ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳትናገር ቀረህ?»

«አንተ ትናገራለህ ብዬ ነዋ! ስጠብቅህ ጥርሴ አለቀ እኮ።»

ጠያቂዋ ብዕሯን አነሣች። «እንግዲያው በፊልሙ ላይ ከመስመሯ ሥር የሁለታችሁንም ስም ላድርግ?»

«የለም፣ የእኔን ብቻ አድርጊ» አላት። «እሱ አርባ ዓመት ይዟት ኖሯል፤ ይበቃዋል።»

ልጅቱ ምን እንደምል ለመስማት ወደ እኔ ዞረች።

«እሱ እንዳለሽ ጻፊ» አልኋት።