የማሳያ ቤተሰብ

«እማዬ፣ ፖሙን ይመልሱት፤ ፕላስቲክ ነው» አለች ምራታቸው።

አማቷ ፖሙን ከአፋቸው አርቀው ገልበጥ ገልበጥ አደረጉት። ያብረቀርቃል፤ ከነቅጠሉ ነው። ወደ ሳህኑ መልሰው አጠገቡ ያለውን የወይን ዘለላ በጣታቸው ጫን ሲያደርጉት እሱም ጎማ ሆኖ ተገኘ።

«ይሄን የሚያህል ቤት ሠርተው አንድ ፖም መግዛት አቃታቸው?»

«እውነተኛው ይበሰብሳላ፣ እማዬ። ማሳያ ቤት እኮ ነው፤ ማንም አይኖርበትም።»

«ታዲያ እኛ ማን ነን?»

«ምሳው እስኪያልቅ ባለቤቶቹ» አለ ልጃቸው ከሶፋው ጫፍ። ጥርሱን ሊያስነቅል ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር የተቀመጠው። የለበሰው ጥቁር ሙሉ ልብስ የራሱ አይደለም። ሙያው ልብስ ስፌት ነው፤ ሙሉ ልብሱም ነገ የሚሞሸር የአንድ ደንበኛው ነው። ሙሽራው ማምሻውን መጥቶ ይወስደዋል። ስለዚህ ከገባ ጀምሮ ምንም አልነካም፤ ወደ ኋላም አልተደገፈም።

ሚስቱን በመሥሪያ ቤቷ «ማሬ» ይሏታል፤ ምላሷ ማር ነው ለማለት ነው። በከተማዋ እጅግ ውድ በሆነው ሰፈር፣ ከላይ እስከ ታች መስታወት በለበሰ ሕንፃ ውስጥ ቤት ትሸጣለች። የአንዱ ቤት መታጠቢያ ክፍል ብቻውን እሷ ከባሏና ከአማቷ ጋር ከተከራየችው ቤት ይሰፋል። አለቃዋ ደግሞ አንድ የሚኮራበት ብልሃት አለው። «ሀብታም ቤት አይገዛም» ይላል፤ «ቤትማ ሞልቶታል። የሚገዛው ጎረቤት ነው።» በዚህ ብልሃት መሠረት፣ የላይኛውን ፎቅ ሊያይ የመጣ ገዢ ቤቱን ዞሮ ከጨረሰ በኋላ ግድግዳ የሚጋሩት «ጎረቤቶች» ምሳ ይጋብዙታል። ምሳው ምድር ቤት ካለው ስመ ጥር ምግብ ቤት ይመጣል። ጎረቤቶቹ ከማስታወቂያ ድርጅት የሚላኩ ተዋንያን ናቸው፤ ባል፣ ሚስትና ሹራብ የምትሠራ አያት።

ዛሬ ጠዋት ግን ተዋንያኑ ባልና ሚስት ተጣሉ። በውሸት የጀመሩት ትዳር እዚሁ ሶፋ ላይ ሳሉ እውነት ሆኖ ነበር፤ እውነት ሲሆን ደግሞ እንደ ማንኛውም ባልና ሚስት ተኳረፉና አብረን አንቀመጥም አሉ። አያትየዋም ብቻዬን ሄጄ የማን አያት ልሁን ብላ ቀረች። አለቃዋ በስልክ «እንደምንም ብለሽ ሰው ፈልጊ» አላት። ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ይህ ቤት በዚህ ሳምንት ካልተሸጠ የሽያጭ ክፍሉ በግማሽ እንደሚቀነስ፣ ቅነሳውም ከማን እንደሚጀምር ነገራት። የቤት ኪራዩን የሚችለው የእሷ ደሞዝ ነው፤ የባሏ መርፌ ከእጅ ወደ አፍ ናት። እናም ማሬ ያላትን ቤተሰብ ይዛ መጣች።

«አንዴ ልድገምላችሁ» አለች ትራሶቹን እያስተካከለች። «ብዙ አይወራም። ሳቅ ከመጣም ዝቅ አድርጋችሁ ነው። እኔን አታውቁኝም። እኔ የድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ፤ ቆሜ አስተናግዳለሁ እንጂ አብሬያችሁ አልቀመጥም።»

«አናውቅሽም» አሉ አማቷ፣ የፕላስቲኩን ፍራፍሬ ሰብስበው ቁም ሣጥን ውስጥ እየከተቱ። «እሱስ አይከብድም።»

ቀልድ ይሁን ቁም ነገር ማሬ አልለየችም። ከአማቷ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ለዓመታት ኖረዋል። በእነዚህ ዓመታት ከእሳቸው አፍ የሰማችው፣ ወይ ጨው በዛ ወይ ጨው አነሰ ነው። «ልጄ» ብለዋት አያውቁም፤ ሲጠሯት «አንቺ» ነው፣ ስለ እሷ ሲያወሩም «የልጄ ሚስት»።

ገዢዋ በሰዓታቸው መጡ። አጠር ያሉ፣ ምርኩዝ የያዙ፣ የስፖርት ጫማ ያደረጉ ባልቴት ናቸው። ዕድሜያቸውን በጅምላ ንግድ አሳልፈው፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ብቻቸውን ቀርተዋል። ማሬ በመጀመሪያ ከማሳያው ቤት ጎን ያለውን፣ የሚሸጠውን ቤት አስጎበኘቻቸው። እብነ በረዱን፣ ከወንዙ ማዶ ድረስ የሚያሳየውን መስኮት፣ በራሱ ጊዜ የሚሞቀውን ወለል አንድ በአንድ አሳየቻቸው። እንግዳዋ ሁሉንም የተፎካካሪያቸውን ዕቃ በሚያዩበት ዓይን አዩት። መኝታ ቤት ሲደርሱ ግን ቆሙና ግድግዳውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

«ከዚህ ወዲያ ማነው ያለው?»

«ቤተሰብ ነው፣ እመቤቴ። ምሳ ላይ ይተዋወቋቸዋል።»

«ጎሽ» አሉ። ለእብነ በረዱ ይህን አላሉም ነበር።

ወደ ማሳያው ቤት ተሻግረው ሲቀመጡ የምግብ ቤቱ ሼፍ ምግቡን በሚገፋ ጠረጴዛ ይዞ ገባ። የሳህኑን ታሪክ ሳይተርክ የማያቀርብ ሰው ነው። ሁለት ፉት የማትሞላ ሾርባ አስቀደመ። ቀጥሎ በሰፊ ሳህን መካከል የክብሪት ቀፎ የምታህል ዓሣ መጣች። ዙሪያዋን አረንጓዴ ነጠብጣብ ጣል ጣል ተደርጎባታል።

«ይህ» አለ ሼፉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዓሣው ከባሕሩ ጋር ያደረገው የመጨረሻ ውይይት ነው።»

«ብዙም አልተወያዩም» አሉ አማቷ።

እንግዳዋ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ዝቅ አድርገውም አልሳቁም። ከዚያ በኋላ ሁለቱን አሮጊቶች የሚያቆማቸው ጠፋ። ከጉልበት ሕመም ጀመሩ፤ ጉልበቱ ሐኪም አመጣ፣ ሐኪሙ ልጆችን አመጣ። ማሬ ጥግ ቆማ በዓይኗ ለባሏ «እናትህን አስቁምልኝ» ብትለውም፣ ባሏ ሁለት ክንዶቹን እንደ ዶሮ ክንፍ ዘርግቶ የዓሣው መረቅ እጅጌው ላይ እንዳይንጠባጠብ በመታገል ላይ ነበር።

«አንተስ፣ የኔ ልጅ፣ ምን ትሠራለህ?» አሉት እንግዳዋ።

«ልብስ ላይ ነኝ» አለ።

«ጥሩ ነው። ልብስ አይከስርም።» እንግዳዋ ሹካቸውን አስቀመጡ። «እኔ እንግዲህ ይሄን ሁሉ ቤት ምን ላደርገው ነው ትሉ ይሆናል። ባለፈው ክረምት መታጠቢያ ቤት አዳልጦኝ ወደቅሁ። ተጣራሁ፤ ግቢው ሰፊ ነው፣ ማን ይስማ? ድመቴ ብቻ መጥታ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለች። እስኪነጋ ተያየን። እንዲያውም ይቺ ሴትዮ ዛሬ ምን ነክቷት ነው የማትነሣው የምትል ነበር የምትመስለው። ጠዋት አትክልተኛው አነሣኝ። ልጆቼ ሩቅ ናቸው፤ በስልክ ደሞ ሰው አይነሣም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል እሰማ ነበር እንጂ የገባኝ ያን ዕለት ነው።»

እየሳቁ ነው ያወሩት። ሌላው ግን አልሳቀም። አማቷ እጃቸውን ዘርግተው የእንግዳዋን እጅ መታ መታ አደረጉ።

ሼፉ ሥጋውን አቀረበ። እሱም ያው ነው፤ ዓይን የሚያርስ፣ አንጀት የማያርስ። የሥጋው ሽታ ክፍሉን ሲሞላው የማሬ ሆድ ጮኸ። ትንሽ ጩኸት አልነበረም። ከአለቃዋ የጠዋት ጥሪ ጀምሮ ስትሯሯጥ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም። አማቷ ቢላቸውን ሳህኑ ላይ አስቀመጡ።

«ኧረ በቃ፣ ይሄ ነገር አልዋጥልህ አለኝ» አሉ ለልጃቸው። ከዚያ ወደ ማሬ ዞሩ። «ነይ ቁጭ በይ፣ ልጄ። ይቺ ምራቴ እኮ ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም። ብዙ ስትቆም ደሞ እግሯ ያብጣል።»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ማሬ ስንት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነበር፤ በሌላ ቀን ቢሆን እልል ባለች። አሁን ግን ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሼፉ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። አማቷ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

«ምራትዎ ናት?» አሉ እንግዳዋ ቀስ ብለው።

ባሏ ነው የደረሰላት። ዓይኑን በጨው አጥቦ ፈገግ አለ። «አዎ፣ ባለቤቴ ናት። እዚሁ ነው የምንኖረው። ሥራ ላይ ስትሆን ቤተሰብ ነኝ ማለት አትወድም፤ ሥራና ቤተሰብ እንዳይቀላቀልባት ብላ ነው።»

ማሬ ባሏን እንደ አዲስ አየችው። ቁልፍ ሲጠፋበት እንኳ ሰበብ መፍጠር የማይችል ሰው ነበር። የእንግዳዋ ፊት ደግሞ ፈካ።

«ታዲያ ምን ያስደብቃል? እኔ በሥራ ዘመኔ ነጋዴን የማምነው የሚሸጠውን ራሱ ሲጠቀምበት ካየሁ ነበር። ሻጯ ራሷ ከኖረችበት ሌላ ምን እፈልጋለሁ? በይ፣ ውሉን አምጪው።»

ውሉ ከበሩ አጠገብ ባለው መደርደሪያ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ማሬ አመጣችው። በዚህ ወረቀት ሥራዋ ይተርፋል፤ ምናልባትም ሹመት አለበት። እንግዳዋ ከቦርሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው መነጽራቸውን አደረጉ።

«እንግዲህ ተግባባን» አሉ። «ሌሊት ከወደቅሁ ግድግዳውን በምርኩዜ እደበድበዋለሁ። ትሰሙኛላችሁ አይደል?»

ባሏ እጅጌውን ማየት ጀመረ። አማቷ አንገታቸውን ደፉ። ማሬ ግን ነገሩ በዓይኗ መጣባት፤ በዚህ በኩል አሮጊቷ ወለል ላይ ወድቀው ግድግዳውን ሲደበድቡ፣ በዚያ በኩል ደግሞ ጨለማ ሳሎንና የጎማ ወይን። ሥራዋን አሰበች፤ ኪራዩን አሰበች። ሆዷ ግን እንቢ አለ።

«እማማ» አለች። ከመጡ ጀምሮ «እመቤቴ» ስትላቸው ነበር። «ከዚያ ግድግዳ ወዲያ ሰው የለም።»

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገረቻቸው። ቤቱ ማሳያ መሆኑን፣ ፎቁ ባዶ መሆኑን፣ ጎረቤት የሚባሉት ቅጥረኞች መሆናቸውን፣ ባሏ እውነትም ባሏ፣ አማቷም እውነትም አማቷ መሆናቸውን፣ እነሱ ግን ከከተማው ዳር እንደሚኖሩ ነገረቻቸው። እንግዳዋ የእስክሪብቶውን ክዳን መልሰው ገጠሙ።

«አሮጊት ናት ብላችሁ ልታሞኙኝ?» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ማሬን ያስፈራትም ይኸው ነው።

«ይቅር ይበሉን» አለች። «ሌላ የምለው የለኝም።»

«እኔም አሮጊት ነኝ» አሉ አማቷ። «ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ዓሣውን አብሬዎት በልቻለሁ። ለነገሩ ተበላ የሚባል ከሆነ ነው።»

እንግዳዋ አፋቸውን ገጥመው ሊቆዩ ሞከሩ፤ አልቻሉም። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቃቸው ለቀቃቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ጉድ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ቆይ እስቲ፣ በዚህ ሁሉ ፎቅ ውስጥ ሰው የሚገኝበት ጥግ አንድ እንኳ የለም?»

ማሬ አመነታች። «ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ቤት አለ። ግን እሱን ለማንም አናሳይም። ወንዝ አይታይበትም፤ መስኮቱ የምግብ ቤቱ ማብሰያ ጓሮ ላይ ነው። ጎረቤቱ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ሬዲዮ ከፍ አድርጋ ትሰማለች።»

«እኛም እንጮኻለን» አለ ሼፉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ትረካ ተናገረ። «እውነቱን ለመናገር ስንሠራ ደህና አድርገን ነው የምንሰዳደበው።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ እኩለ ሌሊት። ከዚያ ዳቦ ጋጋሪዎቹ ገብተው እስኪነጋ ይቀጥላሉ።»

እንግዳዋ ምርኩዛቸውን አነሡ። «አሳዪኝ» አሉ። ወደ አማቷም ዞረው፣ «እርስዎም ይምጡ፤ ብቻዬን ስሆን ያሞኙኛል።»

አሳንሰር ውስጥ የማሬ ስልክ ይነዝር ጀመር። አለቃዋ ነው። የሦስተኛው ፎቅ ቤት ርካሽ ነው፤ ቢሸጥ እንኳ ሥራዋን ያተርፍላት እንደሆነ አላወቀችም። ስልኩን አልነካችውም። አማቷ አሳንሰሩ ሲወርድ ክንዷን ያዙ፤ ሲቆምም አልለቀቁም።

ይህን ቤት ማሳየት ግድ ከሆነ የድርጅቱ ትእዛዝ ግልጽ ነው። ሠራተኛዋ ቀድማ ገብታ ድርብ መስታወቱን ጥርቅም አድርጋ ትዘጋለች፣ ለስላሳ ሙዚቃ ትከፍታለች፣ ሽቶ ትረጫለች። መስኮቱ ተዘግቶ ነበር፤ ቤቱም ጭር ብሏል። ማሬ የሙዚቃ ማጫወቻውን አልፋ ሄደችና መስኮቱን እስከ ዳር ከፈተችው።

የድስት ኳኳታና የሽንኩርት ሽታ ባንድ ላይ ገባ። ከታች አንዱ ሌላውን ድንቹን እንደ ሳንቃ ጠርበኸዋል እያለ ይሰድበዋል፤ ሦስተኛው ይስቃል። ከጎን ቤት ሬዲዮ ይሰማል። እንግዳዋ ለረጅም ጊዜ አዳመጡ፤ ዋጋውን ጠየቁና ማሬ ነገረቻቸው። ከዚያ ምርኩዛቸውን የመስኮቱ ጠርዝ ላይ አንጠልጥለው ወደ ማሬ ዞሩ፤ የነጋዴ ዓይናቸው በደስታ ያበራ ነበር።

«ይሄ ሁሉ ጩኸት እያለበት» አሉ፣ «እንዴት አፋችሁን ሞልታችሁ ይሄን ዋጋ ትጠራላችሁ?»