የመዝናኛው ፕሮግራም

“ዛሬ፣” አሉ ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ “በመጀመሪያ ፈረስ እንጋልባለን። ቀጥሎ ወፍ እናያለን። ከዚያ ምሳ። ጊዜ ከተረፈ ኳስ። በመጨረሻም ጀልባ እንሳፈራለን። ሁሉም በየተራው ነው። ጥያቄ ያለው?”

የሐይቁ ዳር መናፈሻ በር ላይ የቆሙት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ዳይሬክተሩ ከትምህርት ቤት በጡረታ ከተሰናበቱ ቆይተዋል፤ ነገር ግን ሁለት ሰው አንድ ላይ ቆሞ ሲያዩ አሁንም የጠዋት ሰልፍ ይመስላቸዋል።

“እኔ ጥያቄ አለኝ፣” አለች ታላቅ እህታቸው። “በዚህ ዕድሜ ፈረስ ላይ የሚወጣው ማነው?”

“አንቺ ነሻ፣ እህት ዓለም!”

“አንተስ?”

“እኔ አስተባባሪ ነኝ።”

ሴትዮዋ ሳቀች። ልጇ ፀጉር ሠሪዋም ሳቀች። የልጇ ባል መካኒኩ ሊስቅ ሞከረና አልሆነለትም፤ “መጣሁ” ብሎ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሄደ።

ከትናንት ወዲያ የሴትዮዋ የመጀመሪያ ልጅ፣ የከባድ መኪና ሹፌሩ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ከነጭነቱ ገደል ገብቷል። አስከሬኑ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። ይህን በሰፈሩ የማያውቅ የለም፤ ከእናቱ በቀር።

ትናንት ዘመድ አዝማድ በፀጉር ቤቱ ጓሮ ተሰብስቦ መክሯል። ሴትዮዋ ደም ግፊት አለባት፤ ስለዚህ ነገሩ በወጉ ይሁን ተባለ። ድንኳን ይተከል፣ ወንበር ይደርደር፣ ነርሷ ጎረቤት ከሥራ ትምጣ፤ አሥር ሰዓት ላይ ይነገራታል። እስከዚያ ግን ከቤት መራቅ ነበረባት። የት ትቆይ? አንዱ ሐኪም ቤት አለ፣ ሌላው ገበያ አለ። ዳይሬክተሩ ናቸው፣ “ሰው የሚደሰትበት ቦታ” ያሉት። “በልታ፣ ጠጥታ፣ መንፈሷ ታድሶ ትስማው። መርዶና ባዶ ሆድ አይስማሙም።” ይህን የመሰለ ቁምነገር የሚቃወም አልተገኘም። ልጇ ሞቶባት ያላወቀች እናት ፈረስ ልትጋልብ የመጣችው እንዲህ ሆኖ ነው።

ሕጉ አንድ ነበር፤ ማልቀስ ክልክል ነው። እንባ የመጣበት ወደ መጸዳጃ ቤት ይሄዳል።

“ምን አብልተሽው ነው ባልሽን?” አለች እናትየው። “ከመጣን ይሄ ስንተኛው ነው?”

“ሆዱን ትንሽ አሞት ነው፣ እማዬ።”

“ዓይኑም ቀልቷል።”

“ዓይኑንም ያመዋል።”

“የአንቺም ቀልቷል። የአጎትሽም።” እናትየው ሁሉንም በተራ ቃኘቻቸው። “በሉ እኔን እንዳታስይዙኝ። ነገ ልጄ ይመጣል፣ ዓይኔን ታምሜ አልቀበለውም።”

ፀጉር ሠሪዋ ዞር ብላ የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ ዘጋች። ቦርሳው ውስጥ የእናቷ ስልክ አለ፤ ማንም ደውሎ “አይዞሽ” እንዳይል ጠዋት ነው የወሰደችው። ባትሪው ሞቷል ብላለች።

ፈረሱ ሽማግሌ ነበር፤ ባለቤቱ እንኳ የሚጎትተው ላለመቀስቀስ የሚጠነቀቅ በሚመስል አኳኋን ነው። ሁለት ወንዶች ደግፈው ሴትዮዋን አወጧት። መጀመሪያ “ወየሁ!” አለች፣ ከዚያ ጀርባዋን አቃናች፣ ከዚያም ልጇ ከብዙ ዓመት ወዲህ ያልሰማችውን ሳቅ ሳቀች፤ ከሆድ የሚወጣውን፣ አፍ በመዳፍ የማይሸፈንበትን።

“እዪኝማ! እኔም ሹፌር ሆንኩ!” ብላ ጮኸች። “ለወንድምሽ ንገሪው፣ ፍሬን የሌለው ነገር ይዣለሁ በይው!”

አሁን ወደ መጸዳጃ ቤት የሄዱት ዳይሬክተሩ ራሳቸው ነበሩ።

ፀጉር ሠሪዋ የትም መሄድ አልቻለችም። ከፈረሱ ጎን ጎን እየተራመደች የእናቷን ጉልበት ደገፈች። ነገ ይህን ሳቅ ሰዎች ያስታውሱታል፤ እናቷም ታስታውሰዋለች። ልጄ ሬሳው መንገድ ላይ እያለ እኔ ፈረስ ላይ እስቅ ነበር ትላለች። ለምን ዝም አላችሁኝ ትላለች። ይህን ከጓሮው ሸንጎ አንድም ሰው አላሰበውም፤ እሷም ያሰበችው አሁን ነው።

ወፍ ማየቱ ብዙ አልፈጀም። በኪራይ መነጽሩ ውስጥ እናትየው ሁለት ነጫጭ ወፎች አየች፣ “ባልና ሚስት ናቸው፣ ተኳርፈዋል” ብላ ወሰነች፣ መነጽሩን መለሰች። ከዚያ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ብርቱካን ወጣ።

“ብዪ፣ እማዬ።”

“በላሁ እኮ።”

“ይቺን ብቻ። ስለ እኔ ብለሽ።”

“ምነው እንደ እርድ በግ አቀለባችሁኝ?” አለች እናትየው፣ እንቁላሉን ግን ተቀበለች። “ይልቅ ለወንድምሽ ደውዪልኝ። እሑድ ሳይደውል ውሎ አያውቅም።”

ፀጉር ሠሪዋ በራሷ ስልክ ደወለች። ምን ታድርግ? ድምፁን ከፍ አድርጋ እናቷ ጆሮ ሥር ያዘችላት። “የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም፣” አለች የማሽኗ ሴት። በዚያ ቀን ለእናትየው ወደ እውነት የተጠጋ ነገር የነገረቻት እሷ ብቻ ነበረች፤ እሷም “ለጊዜው” ስትል ዋሸች።

“ኔትወርክ የሌለበት ገብቶ ነው፣” አለ መካኒኩ ሣሩን እያየ።

“እሱ መቼም እንዲህ ያለ ቦታ አያጣም።” እናትየው የዳቦ ፍርፋሪ ከቀሚሷ አራገፈች። “በሉ በቃኝ። ተዝናናሁ፣ ተባረኩ። አሁን ወደ ቤት። ፀሐዩ ሳያልፍ አንሶላውን ልጠብለት።”

ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ። ከአሥር ሰዓት ብዙ ይቀራል።

“ኳስ አልተጫወትንም!” አሉ።

“ኳስ? አንተ ሰውዬ አሞሃል?”

ዳይሬክተሩ ስልካቸውን ይዘው ከዛፉ ጀርባ ዞሩ። ፀጉር ሠሪዋ ተከተለቻቸው።

“ወደዚህ ይምጡ ብያለሁ፣” አሉ በሹክሹክታ፣ ስልኩን እየዘጉ። “ሽማግሌዎቹና ነርሷ ብቻ።”

“እዚህ? ሰው ጀልባ በሚሳፈርበት?”

“ቤት ብትሄድ ድንኳኑን ገና ከአስፋልቱ ታየዋለች። ያ ይሻላል?”

“ጋሼ፣ እኔ ልንገራት። አሁን። ሁለታችን ብቻችንን።”

“ብትወድቅብሽስ? እንዲህ ያለ ነገር በአንድ አፍ አይነገርም!”

“በስንት አፍ ነው የሚነገረው?”

ዳይሬክተሩ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። “አትጨነቂ፣ አትደነግጥም። ሽርሽር የወጣ ሰው ምሰሉ ብያቸዋለሁ።”

“ጥቁር ለብሰው አይደል ያሉት?”

“ኮፍያ ያደርጋሉ፣” አሉ ዳይሬክተሩ። “አንቺ በጀልባ ውሰጃት። ስትመለሱ እኛ ዳር ላይ ነን።”

እናትየው ጀልባ የሚባል ነገር አልፈልግም አለች፣ ከዚያ ቲኬቱ ተቆርጧል ሲሏት ገንዘብ ከሚባክን ብላ ተነሣች። ብርቱካንማውን የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሲያስሩላት፣ “ስፌቱ የማን እጅ ነው? ጠማማ ነው” አለች። ዕድሜዋን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ የኖረች ናት፤ ሊያሰጥማት የሚችል ነገር ላይ ተቀምጣም ቢሆን ስፌት ታያለች።

ቀዛፊው ወሬኛ ነበር። መሐል እስኪደርሱ የሐይቁን ጥልቀት፣ የዓሣውን ዓይነትና የራሱን የወገብ ሕመም ነገራቸው።

“ስንት ልጅ አለዎት፣ እማማ?”

“ሁለት። አንዷ ይህችው። ትልቁ ሹፌር ነው። መንዳት የለመደው በእኔ ስፌት መኪና ላይ ነው።” እናትየው እጇን ውሃው ውስጥ ነክራ ፈገግ አለች። “እግሩ ፔዳሉ ጋ ሳይደርስ፣ ጎማውን ይዞ ‘ቡምም’ ይላል። የሰፋሁትን ሁሉ ይበትነዋል። ስመታው ‘እማዬ፣ ተሳፋሪ አይጮህም’ ይለኛል።”

“ይኑሩልዎት።”

“አሜን።”

ፀጉር ሠሪዋ አፏን ከፈተች። እዚህ ማንም የለም፤ ውሃ ብቻ ነው፣ ይህም ሰው የማያውቃቸው ነው። “እማዬ፣” አለች።

“ወይ።”

“እማዬ… አንድ ነገር—” የእናቷን ሰደርያ አስተካከለች። “አይበርድሽም?”

“ምን ይበርደኛል በዚህ ፀሐይ?”

ቀዛፊው ጀልባዋን ወደ ዳር አዞረ።

ሰዎቹ ደርሰው ነበር። ከእንጨቱ መድረክ ላይ ተደርድረው ቆመዋል፤ ሁሉም ጥቁር በጥቁር፣ ሁሉም ኮፍያ። መናፈሻው በር ላይ ከሚሸጠው ነው የገዙት፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ አንዱ ላይ ዳክዬ የተሳለበት። ነርሷ የደም ግፊት መለኪያውን በሻርፕ ሸፍና ይዛለች። የጎረቤት ሽማግሌው፣ ጉልበታቸውን ታመው ከደጃቸው ከራቁ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ የልጆች ኳስ ሰጥተዋቸው እንደ ሕፃን ታቅፈውታል። ዳይሬክተሩም ኮፍያ አድርገው፣ መሐል ቆመው እጃቸውን ያውለበልባሉ። መካኒኩ ከዳር ነው፤ ወደ መጸዳጃ ቤት መሄዱን ትቷል።

ነገር በዓይን ይገባል። እናትየው እጇን ከውሃው አወጣች። ኮፍያዎቹን አላየችም። ያየችው አቋቋማቸውን ነው፤ እጅ በእጅ ላይ ተደርቦ፣ አንገት ትንሽ ዘንበል ብሎ፣ ማንም ቀድሞ እንዳይናገር ሁሉም ሁሉን እየጠበቀ። እሷም በሰው ደጅ እንዲህ ቆማ ታውቃለች። ዓይኗ ከሰው ሰው ሄደ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። የቆሙትን አይደለም የቆጠረችው። የጎደለውን ነው።

“እማዬ—” አለች ልጇ።

እናትየው እርጥብ መዳፏን በልጇ አፍ ላይ አኖረች፤ ቀስ አድርጋ።

“ልጄ፣” አለችው ቀዛፊውን፣ “አዙረው። አንድ ዙር ጨምርልን።”

“ሰዓቱ አልቋል፣ እማማ። ሰዎችዎም እኮ እየጠበቁ ነው።”

“ይጠብቁ።” ድምፅዋ አልተለወጠም። “እዚያ እስክደርስ ሁለት ልጅ ነው ያለኝ።”

ቀዛፊው መጀመሪያ እሷን አየ፣ ከዚያ ብርቱካንማ ሰደርያዋን ጨምድዳ ይዛ ያለ ድምፅ የምታለቅሰውን ፀጉር ሠሪ አየ። መቅዘፊያውን በአንድ ወገን ገፋ፤ ጀልባዋ ጀርባዋን ለዳሩ ሰጠች።

መድረኩ ላይ የዳይሬክተሩ እጅ አየር ላይ ቀረ። ኳሱ ከሽማግሌው ክንድ አምልጦ ውሃው ውስጥ ገባ፤ የተከተለው የለም። ዳይሬክተሩ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ ሌሎቹም አወለቁ፤ በየተራው፣ ልክ እንደ ጠዋት ሰልፍ።