ከሪዙ ስር

የፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሳይጠየቅ ይናዘዛል። እኔ ደግሞ የሰማሁትን ሁሉ ከወለሉ ፀጉር ጋር ጠርጌ እጥላለሁ። አንዱን ብቻ መጥረግ አቅቶኝ ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖሬያለሁ፤ የጋሼ ሪዙን።

ጋሼ ሪዙ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ስሙን ሰፈሩ ያወጣላቸው አፋቸውን በሚከድነው ሪዛቸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመጡ መጋረጃውን እዘጋለሁ። ሪዙን ጫፍ ጫፉን መከርከም እንጂ ወደ ላይ ማበጠር ክልክል ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ማበጠሪያው አዳጠኝና ከስሩ ያለውን አየሁ። ሲወለዱ የላይኛው ከንፈራቸው የተሰነጠቀ ነበር፤ ሰነፍ ልብስ ሰፊ እንደጣፈው ጨርቅ ተጣሞ ተሰፍቷል። በመስታወቱ ተያየን። እሳቸውም አልተናገሩ፣ እኔም አልጠየቅሁ።

ከሦስት ወር በፊት ምራታቸው ወንድ ልጅ ወለደች፤ ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ ላንቃውም ክፍት ሆኖ። ወተቱ በአፍንጫው ስለሚመለስ እናቱ በማንኪያ ጠብ ጠብ ታደርግለታለች። ሐኪሙ ከንፈሩን ለመስፋት ለሰኞ ቀጥሯቸዋል። ባልየው፣ የጋሼ አንድ ልጅ፣ ግን "በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም" ብሎ ድርቅ አለ። ዛሬ ከነልጇ ወደ ወላጆቿ ሊሰዳት ነው። የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ከሄደች ሐኪሙም ቀጠሮውም ቀረ።

ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ጋሼ ናቸው፣ ጉንጫቸውን ስላጭ።

"እና እርስዎ ምን አሉት?"

"ምን እላለሁ? ትዳሩ የሱ ነው።"

በገንኩ። ምላጭ የያዘ ሰው መናደድ የለበትም፤ እኔ ግን ተናደድኩ። ይኼኔ በር ላይ ታክሲ ቆመ፤ ልጃቸው መጋረጃውን ገልጦ ገባ።

"አባዬ፣ ልትሰናበትህ መጥታለች። ዘር ከልጓም ይስባል፤ ይኼን ከየት እንዳመጣችው ወላጆቿ ይንገሩኝ።"

ምላጩ የጋሼ ጉሮሮ ላይ ነበር፤ ምራቃቸውን ሲውጡ በእጄ ተሰማኝ። በመስታወቱ ውስጥ አፈጠጡብኝ። እናገር ይሆን ብለው ፈርተዋል። የሰው ገመና አላወጣም፤ ዝም ማለት ግን አንገሸገሸኝ።

"ሪዝዎንስ፣ ጋሼ?" አልኳቸው። በዚህ ሁሉ ዓመት ጠይቄያቸው አላውቅም።

ውጪ ሕፃኑ አለቀሰ። ለቅሶው ግማሹ በአፍንጫው ስለሚወጣ ከሌላ ልጅ ለቅሶ ይለያል። ጋሼ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

"ላጨው።"

"ጫፉን?"

"ሁሉንም አልኩህ እኮ!"

አረፋ ቀባሁ፤ ምላጩን ሳብኩ። ልጃቸው "አባዬ፣ ደግሞ በስተርጅና መቆንጀት?" ብሎ ሊስቅ ሲል ሳቁ መሃል ላይ ቀረ። ሪዙ ጭናቸው ላይ ረገፈ፤ ጠባሳው ወጣ። ጋሼ ወንበሩን ወደ ልጃቸው አዞሩ።

"እየው። ደህና አድርገህ እየው። አባቴ እናቴን ከነእኔ ያባረራት 'በእኛ ዘር የለም' ብሎ ነው። የተሰፋሁት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እስከዚያ ሰው ፊት በልቼ አላውቅም።" ድምፃቸው ተሰበረ። "እናትህ፣ ነፍሷን ይማር፣ ታውቅ ነበር። ላንተ መንገር ያፈርኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ምራታቸው ልትሰናበት ሕፃኑን ታቅፋ ገባች፤ የአማቷን ፊት ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ ሕፃኑን እቅፋቸው ውስጥ አስቀመጠችው። ጋሼ ወንበሩን ወደ መስታወቱ መለሱ፤ ሁለቱም ከንፈሮች መስታወቱ ውስጥ ነበሩ።

ባልየው ወጣ። ታክሲው ሲሄድ ሰማን። ሻንጣዋን ይዞ ተመለሰና በሩ ስር አኖረው።

"ቀጠሮው ሰኞ ስንት ሰዓት ነበር?" አላት።

ዞራም አላየችው።

"ሦስት ሰዓት ነው፣ አባባ" አለች፣ ለጋሼ።