የላምቤቦ ሦስት ጭረት

ብረት የሚለብስ ሰው ብቻውን አይለብስም፤ ብቻውንም አያወልቅም። የጀርባው ጠፍር የሚታሰረው የራስ እጅ በማይደርስበት ቦታ ነው፤ የትከሻውም እንደዚያው። የዛሬ ስድስት መቶ ዓመት አንድ የፈረንጅ ጌታ ለጦርነት ሲወጣ ከኋላው የሚቆም አሽከር ነበረው አሉ። አቢሶ አሽከር አልነበረውም። ኤርጎጌ ነበረችው።

"ተንፍስ" አለችው፣ ከኋላው ቆማ የጥሩሩን፣ የደረት ብረቱን ዘለበት እየጎተተች።

"ተንፍሻለሁ እኮ።"

"አልተነፈስክም። ወይም ደግሞ የስፓዛ ሱቅ ብስኩት ነው ይሄ ሁሉ ሆድ።"

አቢሶ ሳቀ። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ የጁላይ ብርድ የሜዳውን ሣር ገለባ አስመስሎታል። ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ባለው በዚህ ሜዳ ላይ ድንኳን ተተክሎ፣ በአዘቦት ቀን ባንክና ቢሮ የሚሠሩ ነጮች የሱፍ ቀሚስና ረጅም ካባ ለብሰው፣ ሰይፍ ታጥቀው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። የድሮ ዘመን ጦርነት ሊጫወቱ ነው። በዓመት አንዴ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ሕዝቡም ትኬት ቆርጦ ያያቸዋል።

"ጥቁር ሻርፕ ምንድነው ዛሬ?" አላት አንገቱን ሊያዞር እየሞከረ። "ቀይዋ የት ሄደች?"

"ብርድ ነው።"

"ጥቁር ያሞቃል እንዴ?"

"ቀጥ ብለህ ቁም" አለችው።

አቢሶ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ኦሬንጅ ፋርም በሚባል የጥቁሮች ሰፈር ዘጠኝ ዓመት በስፓዛ ውስጥ ቆሞ፣ በፍርግርግ ብረት መሃል ዳቦና ኤርታይም፣ የስልክ ካርድ፣ ሲሸጥ ኖሯል። ሱቁ በአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተዘርፎ እስከ መደርደሪያው ሲጠፋ፣ ያኮ የሚባል ነጭ ሰውዬ ዘንድ ጠራጊ ሆኖ ገባ። ያኮ ከአንድ የመኪና አካል መጠገኛ ጀርባ ባለች ወርክሾፑ ለእነዚህ ተጫዋቾች የብረት ልብስ ይሠራል፤ ጥሩር፣ ራስ ቁር፣ የክንድና የእጅ ብረት። በሁለተኛው ወር አቢሶ መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ያኮ ያበላሻትን አንዲት የትከሻ ብረት ከከሰሉ አወጣና በመዶሻ አቃናት። ያኮ አፉን ከፍቶ ቀረ።

"የት ተማርከው?"

"ዩቲዩብ" አለ አቢሶ።

ውሸት ነው። መዶሻ የያዘው በሰባት ዓመቱ ነው። አባቱ ላምቤቦ የሆሳዕና ከተማ ገበያ የሚያውቀው ቀጥቃጭ ነበር። ማጭዱን፣ ማረሻውን፣ የእንሰት ቢላዋውን የሚሠራው እሱ፤ ቤት የማያስገቡት እሱን። ሠርግ ሲጠራ ከጓሮ ይቀመጣል። ጎረቤታቸው ኤርሲዶ፣ ያ ባለ ብዙ በሬው፣ ለላምቤቦ ብቻ የተለየች አፏ የተሸረፈ ቅል አጥሩ ላይ ሰቅሎ ነበር፤ ሲጠማው በእሷ ይጠጣል፣ ጠጥቶም ራሱ መልሶ ይሰቅላታል። ይሄ የሚሆነው ሁሉም በአንድ ቸርች በሚዘምርበት አገር ነው። አቢሶ ስድስተኛ ክፍል ሳለ አንዲት ልጅ "ከቀጥቃጭ ልጅ ጋር አልቀመጥም፣ ዓይኑ ይበላል" ብላ ከዴስኩ ተነሣች። ያ ግን አልነበረም የቆጠቆጠው። መምህሩ ሳቀ። ትንሽ ሳቅ ነች፤ በአፍንጫ የወጣች። አቢሶ ደብተሩን ይዞ ወጣ፤ አልተመለሰም። ያቺ ሳቅ ግን ኬንያን፣ ታንዛንያን፣ ሞዛምቢክን አብራው ተሻግራ ደቡብ አፍሪካ ገባች።

ፔፐር፣ የጥገኝነት ወረቀት፣ ሲያወጣ አስተርጓሚው "የአባት ስም?" አለው። አቢሶ "ኤርሲዶ" አለ። ከሚያውቃቸው ስሞች ሁሉ ማንም ፊቱን የማያዞርበት እሱ ብቻ ነበር።

እንዲህ ሆኖ አቢሶ ኤርሲዶ ሆኖ ኖረ። ደህና ይኖር ነበር፤ መጋቢት ላይ የአጎቱ ልጅ ደውሎ "አባባ ዐረፈ" እስኪለው ድረስ። ወርክሾፕ ውስጥ ነበር። "እሺ" ብሎ ዘጋው። ሌላው ሐበሻ ቢሆን መርዶው በተሰማ በሰዓቱ ከሶዌቶም ከአሌክሳንድራም ሱቅ ተዘግቶ ይመጣል፤ ፍራሽ ይነጠፋል፤ ሦስት ቀን ብቻህን አትተውም። ለእሱ ግን ማን ሞተ ይባል? ኤርሲዶ እንደሆነ በሕይወት አለ። ስለዚህ ማንም አልመጣም። አቢሶ ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቅጥ ዋለና፣ መሮ አንሥቶ ከሚሠራው የደረት ብረት በውስጥ በኩል የአባቱን ምልክት መታ። ሦስት ጭረት፣ ከሥሩ አንድ ነጥብ። ላምቤቦ በየማጭዱ እጀታ ሥር የሚመታት ምልክት ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየብረቱ ሆድ መታት። ለቅሶው ይኸው ነበር።

ያ ብረት ነው ዛሬ እላዩ ላይ ያለው። ያኮ "ራስህ የሠራኸውን ራስህ ለብሰህ ትሰለፋለህ፤ ሕዝቡ ሠሪውን ይይ" ብሎት ነው። ከብረቱ ሥር የሚለበሰውን፣ በጥጥ የተጠቀጠቀውን ወፍራም ጃኬት የሰፉት እሱና ኤርጎጌ ናቸው፤ ከቸርች መልስ፣ እሁድ እሁድ፣ መጋረጃና ብርድ ልብስ ከምትሸጥበት ሱቅ ጀርባ ተቀምጠው። እሷ በጠመኔ ታሰምራለች፣ እሱ ይሰፋል፤ ሲደክመው ይቀያየራሉ። በዚያ መሃል ነው "ሽማግሌ ልላክ?" ያላት። ኤርጎጌ መርፌውን ጃኬቱ ላይ ሰክታ "መጀመሪያ ከጋሼ ምሕረቱ ጋር ተነጋገሩ" አለችው።

ምሕረቱ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ የቸርቹ ሽማግሌ፣ ሁለት ስፓዛ ያለው። አቢሶ ይፈራዋል፤ ቂምም ይዞበታል። ከሁለት ዓመት በፊት በምሕረቱ ቤት ጸሎት ነበር። ጸሎቱ አልቆ ሻይ ሲቀርብ ለሰው ሁሉ በብርጭቆ፣ ለአቢሶ በወረቀት ኩባያ። አቢሶ ኩባያዋን አየ፤ ቅሏን አየ። ሻዩን ጠጥቶ፣ ኩባያዋን አጣጥፎ ኪሱ ከተታት። እስከ ዛሬ ሻንጣው ውስጥ አለች።

እና ይኸው ምሕረቱ በባኪው፣ በፒክአፑ መጣ። ሱፍ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ በእጁ ፌስታል ይዞ። "ለጨዋታ ቦታ ሱፍ!" አለ አቢሶ በልቡ። "ትልቅ ሰው መሆኑን እንዳንረሳ።"

"ወንድም አቢሶ!" አለ ምሕረቱ ዙሪያውን እየዞረ እያየው። "ስብከት ላይ ብቻ የምሰማውን ጥሩር ዛሬ በዓይኔ አየሁት። ደግሞ ሰይጣን በአንተ በኩል ያልፋል?"

"እንኳን ደህና መጡ ጋሼ። በትኬት ከገባ ያልፋል።"

ምሕረቱ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተና እህቱን አየ። እሷ "ቆይ" እንደማለት ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ይሄኔ ያኮ እየተጣደፈ መጣ፤ ቀይ ጺሙ ላይ የሰናፍጭ ጠብታ ይዞ፣ በዙሉ ሰላም እያለ።

"ቤተሰብ ነው? ሳውቦና፣ ሳውቦና! ይሄን ሰው ታውቁታላችሁ? ሠላሳ ዓመት ስሠራ እንዲህ ዓይነት መዶሻ አላየሁም። ደግሞ እንደ ሠዓሊ ሥራውን ይፈርማል። እዩ!" ገና ያልተጠለቀውን የእጅ ብረት ከጠረጴዛው አንሥቶ ገለበጠና ለምሕረቱ ሰጠው።

አቢሶ ክው አለ። እጁን ሊዘረጋ አሰበ፤ ያኮ ግን ፊቱ ቆሟል።

ምሕረቱ መነጽሩን አደረገ። ሦስቱን ጭረት በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸው፤ ነጥቧን ዳሰሳት። ያኮን ሰው ጠርቶት ሄደ።

"ይቺን አውቃታለሁ" አለ ምሕረቱ ቀስ ብሎ። "እናታችን እንሰት በምትፍቅበት ቢላዋ ላይ አለች። የላምቤቦ ናት።" ቀና አለ። "ወንድም አቢሶ፣ ላምቤቦ አባትህ ነው?"

ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ለስለስ ያለ ነበር። አቢሶ ግን ድምፁን አልሰማም። የሰማው ያቺ ልጅ ስትነሣ የዴስኩን መንኳኳት ነው። ያየው የወረቀት ኩባያዋን ነው።

"ላምቤቦ የሚባል ሰው አላውቅም" አለ። "የኤርሲዶ ልጅ ነኝ። ምልክቱን ኢንተርኔት ላይ አይቼ ነው።"

"አታውቀውም?"

"አላውቀውም አልኩ እኮ ጋሼ። ምነው፣ የቀጥቃጭ ልጅ እመስላለሁ እንዴ?"

ሳቀም። ትንሽ ሳቅ፣ በአፍንጫ የወጣች። ከወጣች በኋላ ነው የማን እንደሆነች ያወቃት።

ምሕረቱ መነጽሩን አወለቀ። የእጅ ብረቱን ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው አስቀመጠው። "እሺ። ተሳስቻለሁ ማለት ነው።" ወደ እህቱ ዞረ። "መኪናው ውስጥ ነኝ።" ፌስታሉን እዚያው ትቶ፣ በሱፉ፣ በደረቁ ሣር ላይ ሄደ።

ከወዲያ ጥሩምባ ተነፋ። ያኮ ከሩቅ አሥሩን ጣቶቹን አሳየ፤ አሥር ደቂቃ ማለቱ ነው። ኤርጎጌ ከአቢሶ ኋላ መጥታ የመጀመሪያውን ዘለበት ፈታች።

"ምን እያደረግሽ ነው? ሰልፍ ልወጣ ነው እኮ።"

"አሁን ከሄድኩ ማን ያወልቅልሃል?" አለችው። የክንዱ ብረት ተነሣ። "ፌስታሉ ውስጥ ዳቦ አለ። ለቅሶ ባዶ እጅ አይኬድም አለ ጋሼ።"

አቢሶ ወደ ፌስታሉ ዞረ።

"ታውቂ ነበር?"

"ከማርች ጀምሮ። እማዬ ደውላ ላምቤቦ ሞተ፣ አቢሶ የሚባል ልጅ ደቡብ አፍሪካ አለው ይላሉ አለችኝ። ይሄን ጃኬት ስንሰፋ አውቃለሁ። አንዱን መስመር ስንጨርስ በሚቀጥለው ይነግረኛል እላለሁ። ሲነግረኝ እንዴት አድርጌ ነው የማቅፈው እያልኩ። አንተ ቀልድ ታወራለህ።" ሌላ ዘለበት። "ጋሼን እንዲፈቅድልን ሦስት ወር ለመንኩት። ሁለቱን ወር ሰላምም አላለኝ፤ አልዋሽህም። በሦስተኛው ግን ራሱ መጣና፣ ከአፉ ልስማው፣ አባቱን በወጉ ላልቅስለት፣ ከዚያ በመጋባታችሁ ላይ አንድ የተቃውሞ ቃል አልናገርም አለኝ። ሱፉንም ለዚያ ነው የለበሰው።"

"የወረቀት ኩባያ ሰጥቶኛል!" አለ አቢሶ። ድምፁ እንደ ልጅ ተሰነጠቀ። "እዚያ ጸሎት ላይ። ሰው ሁሉ በብርጭቆ..."

እጇ ቆመ። "ብርጭቆ አልቆ ነው አቢሶ። እኔም በወረቀት ነው የጠጣሁት። አጠገብህ ነበርኩ እኮ።"

አላስታወሰም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺን ኩባያ ሲያይ፣ አጠገቧ ያለችውን አንድም ቀን አላየም።

"ልጥራው" አለ። "ሮጬ ልንገረው። ልጁ ነኝ እለዋለሁ፤ እዚህ ሰው ሁሉ ፊት።"

"አሁንማ ትላለህ። ለእኔ ብለህ ነው የምትለው።" የትከሻው ብረት ወርዶ ሣሩ ላይ ኮሽ አለ። "ቀጥቃጭነቱ እኔን ቅንጣት አላሳሰበኝም። የወለደህ ሰው መቃብሩ ሳይደርቅ አላውቀውም ብለህ ሳቅክ። እኔም አንድ ቀን የሚያሳፍርህ ሰው ፊት እገኝ ይሆናል። ያን ቀን ማን ናት ሲሉህ፣ ያቺን ሳቅ ነው የምሰማው።"

ሌላ ጊዜ ለሁሉም የሚሆን ቂም አለው። አሁን የሚወረውርበት ሰው አጣ።

የቀረው አንድ ዘለበት ነበር፤ ግራ ጎን፣ ከብብቱ በታች። ጠፍሩ አዲስ ነው፤ ሰም በተቀባ ድርብ ክር ራሱ ሰፍቶት፣ ቀዳዳውን ጠበብ አድርጎ ራሱ በስቶታል። ኤርጎጌ በጣቷ ሞከረች፤ በጥፍሯ ሞከረች። እጇ በብርድ ደርቋል። እንቢ አላት። ዘዴውን ያውቃል፤ ብረቱን ወደ ውስጥ ጫን ማለት ነው። አልነገራትም። ይልቅ ደረቱን ነፍቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ቆመ። በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ ይሄ ይጽናልኝ ብሎ የለመነው ያን አንድ ዘለበት ነው። ሰልፈኞቹ ባንዲራ ይዘው በፊቱ አለፉ፤ ያኮ ስሙን ጠራ፤ አልዞረም።

"ተንፍስ" አለችው።

እንቢ አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

መዳፏን ጀርባው ላይ፣ ብረቱ ላይ አሳረፈች። በጀርባው ብረትም ከሥሩ ሦስቱ ጭረት ያሉበት ቦታ ነበር።

"አባትህን ጌታ በክብር ይቀበለው" አለች። "አንተንም ጌታ ያጽናህ። ተንፍስ በቃ፣ አቢሶ።"

ከመጋቢት ጀምሮ የያዘው ለቅሶ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። ድምፁን ሰምተው ካባ የለበሱ ሁለት ነጮች ዞር አሉ። ደረቱ ሲሟሽሽ ጠፍሩ ላላ፤ ዘለበቱም ተፈታ።